እጅና ሕግ፦ የግሬም ኦብሪ ብስክሌትና «በራሪው ስኮትላንዳዊ» ፊልም

ስለ ኪነ ጥበብ ሥራ ሲወሳ በአብዛኛው ሰው አእምሮ ቀድሞ የሚከሰተው ሥዕል፣ ቅርጻ ቅርጽ፣ ድርሰት ወይም ተውኔት ነው። የእጅ መሣሪያን፣ የቤት ዕቃን ወይም ተሽከርካሪን በዚህ ተርታ አሰልፎ የሚመለከት ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ አንድ ሰው አስቦ፣ ለክቶ፣ ቆርጦና በይዶ የሠራው ዕቃ ስለ ሠሪው ኑሮና ስለ ዘመኑ አስተሳሰብ ከብዙ ሸራዎች ይበልጥ አጉልቶ የሚናገርበት ጊዜ አለ። ስኮትላንዳዊው ብስክሌት ጋላቢ ግሬም ኦብሪ በገዛ እጁ ሠርቶ «ኦልድ ፌይዝፉል» የሚል ስም የወጣለት ብስክሌት ከእንዲህ ዓይነቶቹ ዕቃዎች አንዱ ነው። ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ነባሩ ታማኝ» እንደ ማለት ይሆናል። የሠሪውን ሕይወት መሠረት አድርጎ በዳግላስ ማኪነን ዳይሬክተርነት እ.ኤ.አ. በ2006 ለተመልካች የቀረበው «በራሪው ስኮትላንዳዊ» ፊልም ደግሞ ይህንኑ ዕቃና ይህንኑ ሰው ወደ ድራማ ለመለወጥ የሞከረ ሥራ ነው። ሁለቱ ሥራዎች፣ ማለትም ብስክሌቱና ፊልሙ፣ ጎን ለጎን ሲመረመሩ አንድ ትልቅ ጥያቄ ያስነሣሉ። ጥያቄውም፦ የአንድን ፈጠራ ቅርጽ የመዳኘት ሥልጣን የማን ነው? የሚዳኘውስ መቼ ነው? የሚል ነው።

በቅድሚያ የብስክሌቱን ዓይነት መረዳት ያሻል። በተለመደው ብስክሌት ጋላቢው እግሩን ሲያሳርፍ ጎማው ብቻውን መዞሩን ይቀጥላል። ቋሚ ማርሽ በሚባለው ብስክሌት ግን የኋለኛው ጎማ ጥርስ ከጎማው እምብርት ጋር አንድ ሆኖ የታሰረ ስለሆነ፣ ጎማው እስከ ዞረ ድረስ ካቴናው ይዞራል፤ ካቴናው ከዞረ ፔዳሉ ይዞራል፤ ፔዳሉ ከዞረ እግርም አብሮ ይዞራል። ቁልቁለት ሲገኝ እግርን ሰቅሎ መንሸራተት የለም። በቬሎድሮም፣ ማለትም ለብስክሌት ውድድር ተብሎ በተሠራው ክብ ሜዳ፣ የሚጋለበው ብስክሌት ከዚህም አልፎ ፍሬን እንኳ የለውም። ፍጥነት የሚጨምረውም የሚቀንሰውም ያው እግር ነው። ይህ ብስክሌት ከውድድር ሜዳ ወጥቶ በታላላቅ ከተሞች በተለይ በመልእክት አድራሾች ዘንድ የተወደደው በዚህ ቀላልነቱ ነው። የሚሰበርና የሚጠፋ ነገሩ ጥቂት ነው፤ ባለቤቱ ራሱ ይፈታዋል፣ ራሱ ይገጥመዋል። አሮጌ የብረት ቱቦ፣ ከዚህም ከዚያም የተሰበሰበ ጎማና ኮርቻ አገጣጥሞ ለገዛ ቁመቱ የሚስማማ ብስክሌት መሥራት የእነዚህ ሰዎች የዕለት ተዕለት ኑሮ አካል ሆኗል። ስለዚህ ቋሚ ማርሽ ብስክሌት በጋላቢውና በመሣሪያው መካከል ምንም ዓይነት ማረፊያ ያልተተወለት ዕቃ ነው። አንዱ ለሌላው ይታዘዛል፤ አንዱ የሌላውን ስሕተት ወዲያው ያውቃል።

ኦብሪ እ.ኤ.አ. በ1965 እንግሊዝ ውስጥ ተወልዶ ኤርሻየር በተባለው የስኮትላንድ ምዕራባዊ ክፍል ያደገ ሰው ነው። በግለ ታሪኩ እንደ ተረከው ከወጣትነቱ ጀምሮ ከባድ የመንፈስ ጭንቀት ያንገላታው፣ ሕይወቱን በገዛ እጁ ለማጥፋት እስከ መሞከር ያደረሰው ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የነበረው የብስክሌት ሱቅ ከስሮ ዕዳ ተጭኖታል። ቤተሰብ አለው፤ ሥራ የለውም። አሠልጣኝ ቡድን፣ ሐኪምና መሐንዲስ አጅበውት የሚወዳደር ሰው አልነበረም። ማርማላታ የተቀባ ዳቦ እየበላ በኤርሻየር አውራ ጎዳናዎች በነፋስና በዝናብ ይለማመድ የነበረ ተራ አማተር ነበር። በዚህ ሁኔታ ላይ እያለ የመረጠው ግብ ግን በብስክሌት ስፖርት ከሁሉ የከበደውን፣ የአንድ ሰዓት ክብረ ወሰንን መስበር ነው።

የዚህ ክብረ ወሰን ሕግ ከአንድ መስመር አይበልጥም፦ አንድ ሰው ብቻውን ለአንድ ሰዓት ይጋልባል፤ ሰዓቱ ሲያበቃ የተጓዘው ርቀት ይለካል። ቤልጂጋዊው ኤዲ መርክስ እ.ኤ.አ. በ1972 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ 49.431 ኪሎ ሜትር ተጉዟል። ኢጣሊያዊው ፍራንቸስኮ ሞዜር በ1984 በዚያው ከተማ ድፍን ሳሕን የሚመስሉ ጎማዎች ባሉት ብስክሌት፣ የሳይንስ ባለሙያዎች ቡድን እየረዳው ርቀቱን ወደ 51.151 ኪሎ ሜትር አደረሰው። ኦብሪ የተነሣው በዚህ ቁጥር ላይ ነበር።

«ነባሩ ታማኝ»ን እንደ ጥበብ ሥራ ለመመርመር የሚያበቃው ዋናው ነጥብ የይዘቱና የቅርጹ ግንኙነት ነው። በዘመኑ ብስክሌት ሠሪዎች ዘንድ ቅርጹ አስቀድሞ የተወሰነ ነበር፤ አካል ከቅርጹ ጋር እንዲስማማ ይገደዳል። ኦብሪ የተነሣው ከአካል ነው። በጠፍጣፋ ሜዳ ላይ በከፍተኛ ፍጥነት የሚጋልብ ሰው አብዛኛውን ኃይሉን የሚጨርሰው አየርን በመግፋት ነው። ስለዚህ እንደ በረዶ ሸርታቴ ተወዳዳሪ ጎንበስ ብሎ፣ እጆቹን አጥፎ ከደረቱ ሥር ቢሰበስባቸው የሚገፋው አየር እንደሚቀንስ ተገነዘበ። መሪው ወደ ደረት የቀረበው ለዚህ ነው። ቀጥሎም እግሮች ተቀራርበው ቢዞሩ ለሰው ተፈጥሮ ይስማማል ብሎ አመነ፤ በሁለቱ ፔዳሎች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሙዝ ያህል ይበቃል እስከ ማለት ደረሰ። ጉልበቶች ሲቀራረቡ የላይኛው አግዳሚ ቱቦ መንገድ ዘጋ፤ ቱቦው ተወገደ። የፔዳሉ ማሠሪያ ጠበበ፤ ለጠባቡ ማሠሪያ የተለመደው ኩሽኔታ አልሆን አለ፤ በብርቱ ፍጥነት እንዲሽከረከር ከተሠራ የልብስ ማጠቢያ መኪና ኩሽኔታ ተወስዶ ገባ። እንግዲህ አንዱ ውሳኔ ሌላውን እየወለደ የመጣ ቅርጽ ነው። ለጌጥ የተጨመረ፣ ለልማድ ሲባል የቀረ ነገር የለበትም። በጥሩ ግጥም ውስጥ አንዲት ቃል ብትነሣ ቤቱ እንደሚፈርስ ሁሉ፣ ከዚህ ብስክሌትም አንድ ክፍል ቢነሣ የቀረው ትርጉም ያጣል።

ይህ ሲባል ሥራው ነቀፌታ የለበትም ማለት አይደለም። በተለመደው የውበት ሚዛን ለዓይን የሚማርክ አይደለም። ለሌላ ሰው አካልም አይመችም፤ ሊሞክረው የፈለገ ፈረንሳዊ ጸሐፊ በመሪው ጥበትና በአግዳሚው ቱቦ መወገድ ምክንያት መውጣት እንኳ እንደ ከበደው ገልጿል። በፋብሪካ ተባዝቶ ለብዙኃን የሚደርስ ዕቃም አይደለም። ሆኖም ለሌሎች የሚተላለፈው የዕቃው ቅርጽ ሳይሆን የሥራው ዘዴ ነው፤ ዘዴውም ተጠቃሚውን ለክቶ መነሣትን፣ ለእያንዳንዱ ቅርጽ ምክንያት መጠየቅን፣ ምክንያት ያልተገኘለትን መጣልን ያስተምራል። መምህር፣ ሠዓሊም ሆነ ጸሐፌ ተውኔት ከዚህ ዘዴ የሚቀስመው አያጣም።

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 16 ቀን 1993 ኖርዌይ፣ ሐማር ከተማ ውስጥ የተደረገው ሙከራ ይህን ነጥብ በተግባር ያረጋገጠ ነበር። ኦብሪ በመጀመሪያው ቀን የተሰለፈው በገዛ ብስክሌቱ ላይ አልነበረም፤ የእርሱን ንድፍ ተከትሎ በሌላ እጅ በተሠራ የረቀቀ ቅጂ ላይ ነበር። አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ጎድሎት ወደቀ። ለሌሎች የረቀቀ ይምሰል እንጂ ቅጂው ለእርሱ «ከእጅ አይሻል ዶማ» ሆነበት። ሜዳው ለ24 ሰዓት ተይዞለት ስለነበር በማግስቱ እንደገና እሞክራለሁ አለ። አንድ ሰዓት ሙሉ በሙሉ ኃይሉ የጋለበ ሰው በማግስቱ ሊደግም መነሣቱ ለሰሚ እብደት ይመስላል። ሌሊቱን ጡንቻው እንዳይደርቅ ብዙ ውኃ ጠጥቶ በየጊዜው ለመሽናት እየነቃ፣ በነቃ ቁጥር አካሉን እያፍታታ አነጋ። ጧት ከገዛ እጁ ሥራ ላይ ወጣ። 51.596 ኪሎ ሜትር ተጓዘ፤ ከሞዜር 445 ሜትር በለጠ። ድሉ የቆየው ስድስት ቀን ብቻ ነው፤ እንግሊዛዊው ክሪስ ቦርድማን ቦርዶ ላይ 52.270 ኪሎ ሜትር ተጓዘ። ኦብሪ በዚያው ዓመት በዓለም ሻምፒዮና የማሳደድ ውድድር ቦርድማንን አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ፤ በሚያዝያ 1994 ደግሞ ክብረ ወሰኑን በ52.713 ኪሎ ሜትር አስመለሰ።

«በራሪው ስኮትላንዳዊ» ፊልም ይህን ታሪክ ሲያነሣ ሊመሰገንበት የሚገባ ነገር አለው። ጆኒ ሊ ሚለር የኦብሪን ገጸ ባሕርይ ሲጫወት ከጩኸት ይልቅ ዝምታን መምረጡ የሚደነቅ ነው፤ ድል አድርጎ እንኳ ደስታ የማይሰማውን ሰው በዓይኑና በትከሻው ብቻ ያሳያል። ፊልሙ ሕመሙን የጀግንነት ጌጥ አላደረገውም። ክብረ ወሰን ጭንቀትን እንደማይፈውስ፣ የሕዝብ ጭብጨባ ሲያበቃ ሰውየው ያው ብቸኛ ሰው ሆኖ እንደሚቀር በግልጽ ያስቀምጣል። በስፖርት ፊልሞች ዘንድ ይህ ሐቀኝነት እምብዛም አይገኝም። ሎራ ፍሬዘር የምትጫወታት ሚስቱ አንም ለባሏ ከማጨብጨብ ያለፈ ኃላፊነት የተሸከመች ሴት ሆና ቀርባለች።

ጉድለቱ የሚጀምረው ከግጭቱ አወቃቀር ላይ ነው። የፊልሙ ጸሐፊዎች የታሪኩን ክብደት የሚሸከም ጠላት ፈልገው፣ ሀገማን የሚባል የብስክሌት ማኅበር ሹም ፈጠሩ። ስቲቨን በርኮፍ የሚጫወተው ይህ ሹም በኦብሪ ላይ ምክንያቱ በቅጡ ያልተገለጸ ጥላቻ አለው፤ ሕጉን የሚለዋውጠው ኦብሪን ለማጥቃት ይመስላል። ተመልካቹ ሹሙን ጠልቶ፣ ጋላቢውን አፍቅሮ ከአዳራሹ ይወጣል። ነገር ግን ክፉ ሹም ሲነሣ ችግሩም አብሮ የሚነሣ መስሎ ይቀራል። በእውነቱ ታሪክ ውስጥ ያለው ተቃርኖ ከዚህ የጠለቀ ነው፤ ክፉ ሰው በሌለበት እንኳ የሚፈጠር ተቃርኖ ነው። ፊልሙ ይህን ለማየት ትዕግሥት አላገኘም።

ሁለተኛው ጉድለት የሥራው አቀራረብ ነው። ብራያን ኮክስ የሚጫወተው፣ የጀልባ መሥሪያ ያለው ባክስተር የተባለ ሽማግሌ ቦታና መሣሪያ ሲያውሰው ብስክሌቱ በአጫጭር ምስሎች ሰንሰለት፣ በሙዚቃ ታጅቦ ቶሎ ተሠርቶ ያልቃል። ተመልካቹ የኩሽኔታውን ወሬ ይዞ ይሥቃል። የዘመኑ ጋዜጦችም ያደረጉት ይህንኑ ነበር፤ አንዳንዶቹ ብስክሌቱ በጠቅላላ ከልብስ ማጠቢያ መኪና የተሠራ እስኪመስል ድረስ አወሩ። ከማጠቢያ መኪና የመጣው ኩሽኔታው ብቻ ነው። ወሬው ከፍሬው ሲቀድም እንዲህ ነው፤ የአንድ ሠራተኛ የዓመታት ምርምር ወደ አንድ ቀልድ ይጠብባል። የፊልሙ እውነተኛ ድራማ መሆን የነበረበት በሞርሳ ላይ የታሰረው ቱቦ፣ ተለክቶ እንደገና የሚለካው ማዕዘን፣ ተበይዶ እንደገና የሚቆረጠው መጋጠሚያ ነበር። ሥራን በሥራነቱ ማሳየት ለካሜራ አይከብድም፤ የሚከብደው ሥራ በራሱ ልብ ሊሰቅል እንደሚችል ማመን ነው።

ከዚህ አንጻር በዴቪድ ስትሪት ዳይሬክተርነት በ2015 የቀረበው «ባትል ማውንቴን» የተባለ ዘጋቢ ፊልም የተሻለ ነገር አለው። ኦብሪ በደረቱ ተኝቶ ወደ ፊት የሚጋልበውን አዲስ ተሽከርካሪ በወጥ ቤቱ ውስጥ ሲሠራ፣ አሮጌ ድስት ሳይቀር ቆርጦ ሲጠቀም ያሳያል። በ2013 አሜሪካ፣ ኔቫዳ ውስጥ በተደረገው ሙከራ በሰዓት 91 ኪሎ ሜትር ያህል ደርሷል፤ መጀመሪያ ያለመው ግን ከዚህ እጅግ የራቀ ነበር። ዘጋቢ ፊልሙ ይህን ጉድለት አልደበቀም። ሰውየው በመለኪያውና በቁራጭ ብረቱ መካከል የሚያሳልፈው ጸጥ ያለ ጊዜ፣ በተዋናዮች የተሠራው ፊልም ያጣውን የሥራ ክብር መልሶ ያመጣል።

አሁን ወደ ሕጉ መመለስ ይገባል። በ1994 ኢጣሊያ፣ ፓሌርሞ ላይ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና የዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ዳኞች የኦብሪን አጋላለብ ከለከሉ። ክልከላው የተነገረው ሊሰለፍ አንድ ሰዓት ያህል ሲቀረው ነበር። በዚያው አጋላለብ ሲጋልብ ከውድድሩ አስወጡት። ኦብሪ ተመልሶ ሌላ ቅርጽ አሰበ፤ እጆቹን ወደ ፊት ሙሉ በሙሉ ዘርግቶ የሚጋልብበት ይህ ቅርጽ በ1995 ቦጎታ ላይ እንደገና የዓለም ሻምፒዮን አደረገው። በ1996 ቦርድማን ራሱ በዚሁ በኦብሪ አጋላለብ 56.375 ኪሎ ሜትር ተጓዘ። ብዙም ሳይቆይ ይኸኛውም ቅርጽ ታገደ።

የማኅበሩ ክርክር ችላ የሚባል አይደለም። በጥቅምት 1996 የወጣው የሉጋኖ መግለጫ የሰው ልጅ ከመሣሪያው በላይ መሆኑን መሠረት አደረገ። ገንዘብ ያለው አገር ወይም ድርጅት በረቀቀ መሣሪያ ብቻ ድልን እንዳይገዛ መከላከል ተገቢ ዓላማ ነው። ሕግ የሌለው ውድድር የላቦራቶሪዎች ውድድር ይሆናል። ተቃርኖው ግን እዚህ ላይ ነው፦ ሰውን ከመሣሪያ ለመከላከል የተነሣው ሕግ አስቀድሞ የመታው መሣሪያውን በገዛ እጁ የሠራውን ድኻ ሰው ነው። በኦብሪ ዘንድ ሰውና መሣሪያ ሁለት ወገኖች አልነበሩም፤ ብስክሌቱ የሠሪው ክንድና ሐሳብ ቅጥያ ነበር። ሕጉ ይህን ለመለየት የሚያስችል ዓይን አልነበረውም።

ከዚህም በላይ ማኅበሩ በ2000 የመርክስን ዘመን መለኪያ አድርጎ ከዚያ ወዲህ የተመዘገቡትን ክብረ ወሰኖች ወደ ሌላ መዝገብ አዛወራቸው። ቦርድማንም ተራ ቅርጽ ባለው ብስክሌት 49.441 ኪሎ ሜትር ተጉዞ መርክስን በአሥር ሜትር ብቻ በለጠ። ይህ አሥር ሜትር የአሠራርን ድርሻ ቁልጭ አድርጎ አሳይቷል። ነገር ግን እንደ ንጹሕ መለኪያ የተወሰደው የመርክስ ብስክሌት ራሱ ተራ አልነበረም። ኤርኔስቶ ኮልናጎ ለዚያች አንድ ሰዓት ብሎ ካቴናውን ሳይቀር ቀዳድቶ ያቀለለው፣ ከስድስት ኪሎ የማይሞላ ልዩ ዕቃ ነበር። ትናንት አዲስ ፈጠራ የነበረው ዛሬ «ባህላዊ ቅርጽ» ተብሎ የነገውን ፈጠራ መክሰሻ ሆነ ማለት ነው። ማኅበሩ በ2014 ይህን ክፍፍል ሰርዞ መዝገቡን እንደገና አንድ አድርጓል፤ በ2022 ኢጣሊያዊው ፊሊፖ ጋና 56.792 ኪሎ ሜትር ተጉዟል።

ሕግ ሁሉ የፈጠራ ጠላት ነው የሚል ድምዳሜ ግን ስሕተት ነው። ለዚህ ማስረጃ የሚሆነው በ1948 ኮኩራ በተባለች የጃፓን ከተማ የተጀመረው ኬይሪን የተባለው ውድድር ነው። ሕዝብ በአሸናፊው ላይ ገንዘብ የሚያስይዝበት ውድድር ስለሆነ የብስክሌቱ ሕግ እጅግ ጥብቅ ነው። ቋሚ ማርሽ መሆን አለበት፤ በወንዶቹ የተለመደ ውድድር አካሉ ከብረት ቱቦ የሚሠራ ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል ተመርምሮ ማኅተም ይመታበታል። በዚህ ጥብቅ አጥር ውስጥ የእጅ ጥበብ አልሞተም። ፈቃድ ያላቸው ትናንሽ ወርክሾፖች የእያንዳንዱን ጋላቢ ቁመትና ክንድ ለክተው፣ አንድ በአንድ በይደው ብስክሌት ሲሠሩ ኖረዋል። አሮጌዎቹ ዛሬ በብዙ አገር ያሉ የቋሚ ማርሽ ወዳጆች እየፈለጉ የሚገዟቸው ናቸው። ሕጉ ያልገደለው ስለምንድን ነው? አስቀድሞ የታወቀ ስለሆነ፣ ለሁሉም እኩል ስለሆነ፣ ሠሪውም ሥራውን የሚጀምረው ከሕጉ ተነሥቶ ስለሆነ ነው። የቅኔ ተማሪ የቤቱን ልክ የሚያውቀው ቅኔውን ከመቁጠሩ በፊት ነው፤ ልኩን አውቆ ገብቶ በልኩ ውስጥ ይራቀቃል። ቅኔው ከተዘረፈ በኋላ የቤቱ ልክ ቢለወጥበት ግን የሚያጣው ቅኔውን ብቻ አይሆንም፤ በመምህሩ ላይ ያለውን እምነት ጭምር ነው።

የፓሌርሞው ውሳኔ ስሕተትም ከዚህ ሚዛን አንጻር በግልጽ ይታያል። ማኅበሩ ሕግ ማውጣቱ አላስወቀሰውም። ያስወቀሰው ሕጉ ሥራው ከታየ በኋላ፣ ያን ሥራ ለይቶ መምጣቱ ነው። ሥራን ተከትሎ የሚመጣ ሕግ ሠሪውን አያስተምረውም፤ መጪዎቹን ሠሪዎች ግን ዝም ያሰኛል። በየመስኩ የሰውን ሥራ የሚዳኙ፣ የተማሪን ድርሰት የሚያርሙ፣ ተውኔት ለመድረክ የሚመርጡ፣ ሥዕል ለትርኢት የሚያቀርቡ ሁሉ ከዚህ የሚወስዱት ግልጽ ነገር ነው። መለኪያው ካለ አስቀድሞ ይነገር፤ አዲስ ቅርጽ ሲመጣም ለምን እንዲህ ሆነ ተብሎ ሠሪው ይጠየቅ። ኦብሪ ለእያንዳንዱ ቱቦ መልስ ነበረው፤ አስቀድሞ የጠየቀው ግን አልነበረም።